ስድስት ሰዓት የትኛው ስድስት ነው? የአንድ አከፋፋይ ድርጅት ዳታቤዝ ከዳሽቦርድ ጋር የተገናኘበት ጉዳይ

ሰኞ ጠዋት ነው። ከድርጅቱ ባለቤት ጋር ቢሯቸው ውስጥ ቆመን አዲሱን ዳሽቦርድ፣ ማለትም የሽያጩን መረጃ በሥዕል የሚያሳየውን ገጽ፣ እናያለን። ስክሪኑ ላይ የሱቆች ትእዛዝ በየሰዓቱ ተከፋፍሎ ይታያል። ከሁሉም የሚረዝመው ምሰሶ 6 ቁጥር ላይ ቆሟል።

«አየህ አይደል?» አሉኝ ጋሼ። «ሱቆቹ የሚያዙት እኩለ ቀን ላይ ነው። እኛ ደግሞ መኪናውን በጠዋት እናሰማራዋለን። ነዳጁን በከንቱ ስናቃጥል ኖረናል ማለት ነው።»

በዚያው ሳምንት ጠዋት 4 ሰዓት ይወጡ የነበሩት አይሱዙዎች ከቀኑ 8 ሰዓት እንዲወጡ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ የሽያጭ ሠራተኞቹ ስልክ መጮህ ጀመረ። ጠዋት ያዘዙ ባለሱቆች ዕቃው እስኪደርስ ይመሻል። አንዳንዶቹ መጠበቅ ሰልችቷቸው ከሌላ ጅምላ ሻጭ ገዝተዋል። ለካ ያ 6 የቀኑ 6 ሰዓት አልነበረም። ጠዋት 3 ሰዓት ነበር። ጋሼ ያነበቡት ስክሪኑ ያሳያቸውን ነው። ስክሪኑን ያዘጋጀሁት ግን እኔ ነኝ።

ዳታቤዝን ከሪፖርት መድረክ ጋር ስለማገናኘት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር አድራሻውን፣ ፖርቱን (የመግቢያ በሩን ቁጥር) እና ፓስወርዱን አስገብቶ ያበቃል። ያኛው ክፍል የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። እኛን ወራት የፈጀብን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ዳታቤዙ የሚናገረውን ሪፖርቱን የሚያነቡት ሰዎች በሚገባቸው ሰዓት፣ ወርና ስም መተርጎም ማለቴ ነው።

ከዳሽቦርዱ በፊት

ድርጅቱ ሳሙና፣ ዘይት፣ ፓስታና ብስኩት ያከፋፍላል። አዲስ አበባ ውስጥ ለሱቆች፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ደግሞ ወደ አዳማ፣ ቢሾፍቱና ሀዋሳ። የሽያጭ ሠራተኞቹ ትእዛዙን በስልክ አፕ ይመዘግባሉ። መረጃው የሚቀመጠው በአማዞን ክላውድ ላይ ባለ የፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ነው። አርዲኤስ ይሉታል። አገልግሎቱ በፈረንጆቹ 2009 በማይኤስኪውኤል ጀምሮ በ2013 ፖስትግሬስኪውኤልን ጨመረ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ባክአፑን፣ የሰርቨሩን ጥገናና ብዙውን ማሻሻያ እነሱ ይሠሩልሃል። በምትኩ ማሽኑ ውስጥ አትገባም። ያለህ አንድ ረጅም አድራሻ፣ 5432 የሚል ፖርትና የተጠቃሚ ስም ብቻ ነው።

ከዚህ በፊት ሪፖርት ማለት ኤክሴል ነበር። ሰኞ ሰኞ አንድ ልጅ መረጃውን በፋይል አውጥቶ ለሁሉም በቴሌግራም ይልካል። ኤክሴል ፋይሉን ሲከፍተው አማርኛው አንዳንዴ ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል። ሽያጭ ክፍሉ የራሱን ቀመር ይጨምራል፣ ሒሳብ ክፍሉም የራሱን። ስብሰባ ላይ ሦስት ሰው ሦስት ቁጥር ይዞ ይመጣል። ግማሹ ስብሰባ የማን ቁጥር ትክክል ነው በሚል ክርክር ያልቃል። ጋሼ «አንድ ቁጥር ስጡኝ» ያሉት በዚህ መሀል ነው። ጊዜው ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነበር።

ሪፖርቱን የሚያሳየውን መድረክ ስንመርጥ ሁለት ነገር አየን። ፓወር ቢአይ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ግን ያኔ ለአንድ ተጠቃሚ በወር 10 ዶላር ነበር። ከመጋቢት 23 ቀን 2017 ጀምሮ ወደ 14 ዶላር ከፍ ብሏል። ዶላር መክፈል እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ የከፈለ ያውቀዋል። ከዚያም በላይ በዝግ ኔትወርክ ውስጥ ካለ ዳታቤዝ ጋር ለማገናኘት ብዙውን ጊዜ ጌትዌይ የሚባል ፕሮግራም ሁልጊዜ በበራ የዊንዶውስ ማሽን ላይ መጫን ይጠይቃል። የእኛ ቢሮ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ሜታቤዝ የሚባለውን ሌላ የሪፖርት መድረክ መረጥን። ክፍት ምንጭ ነው፤ መሠረታዊው እትም የፈቃድ ክፍያ የለውም። በራስህ ሰርቨር ላይ ትጭነዋለህ። እኛ የጫንነው ዳታቤዙ ባለበት በዚያው ክላውድና በዚያው የውስጥ ኔትወርክ ነው። ቢሮ ውስጥ ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ በዳታቤዙና በመድረኩ መካከል ያለው መስመር አይነካም። ዛሬም ቢሆን ይህን ውሳኔ አልለውጠውም።

መስመሩ ሲዘረጋ

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳገናኘው እምቢ አለኝ። የመጣው የስህተት መልእክት ማን ከየት እንደሚገባ በሚወስነው ፒጂ ኤችቢኤ በሚባለው ፋይል ውስጥ ለዚህ አድራሻ መዝገብ የለም ይላል። ያንን ፋይል የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ «ፈቃድ አልተሰጠኝም» ነው። እኔም ፋየርዎሉን ሳገላብጥ ዋልኩ። መልሱ የተቀመጠው ግን በመልእክቱ መጨረሻ ባሉት ሁለት ቃላት ነው፤ «ኖ ኢንክሪፕሽን» ይላሉ፣ ምስጠራ የለም ማለት ነው። አርዲኤስ ከፖስትግሬስኪውኤል 15 ጀምሮ ያልተመሰጠረ ግንኙነትን እንዳይቀበል ሆኖ ነው የሚመጣው። ሜታቤዝ ላይ ግንኙነቱን የሚያመሰጥረውን፣ ኤስኤስኤል የሚለውን ሳበራው ወዲያው ገባ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያንብበው።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ስህተት ግን ከዚህ ይከብዳል። ለመሞከር ብዬ ሜታቤዝን ያገናኘሁት በዋናው ዳታቤዝ ላይ፣ በዋናው አስተዳዳሪ ስም ነበር። «ነገ አስተካክለዋለሁ» ብዬ። ነገ የሚባለው ቀን አልመጣም።

የሆነውን ልንገራችሁ። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ፣ ባለሱቆች መደርደሪያቸውን አይተው በሚያዙበት ሰዓት፣ የሽያጭ ኃላፊዋ ዳሽቦርዱን ከፈተች። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ሥዕሎች እያንዳንዳቸው ለዳታቤዙ ጥያቄ ይልካሉ። አንደኛው የድርጅቱን የሁሉንም ዓመት ሽያጭ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሮ የሚደምር ነው። ስክሪኑ ሲዘገይባት እንደማንኛውም ሰው ሪፍሬሽ አለችው። ደግማም አለችው። ሰርቨሩ ተጨናነቀ፤ የትእዛዝ አፑ ቀጥ አለ። መርካቶ የቆመው የሽያጭ ሠራተኛ ባለሱቁ ፊት ስልኩን ይነካካል፣ አፑ ይሽከረከራል። ባለሱቁ «ወረቀት ላይ ጻፈውና ሂድ» አለው።

ሪፖርት የሚያይ ሰው ትእዛዝ የሚቀበለውን ሰው ማቆም የለበትም። ስለዚህ ሪድ ሪፕሊካ አቆምን። ይህ ከዋናው ዳታቤዝ የሚገለበጥ፣ ለንባብ ብቻ የሚያገለግል ቅጂ ነው። ዋናው ላይ የተጻፈው ሁሉ ከትንሽ መዘግየት ጋር እዚያም ይደርሳል። ሜታቤዝን ወደ ሪፕሊካው አዞርነው። ከዚያ ቀን በኋላ ዳሽቦርዱ ቢጨናነቅ የሚጨናነቀው ሪፕሊካው ብቻ ሆነ።

ሪፕሊካው የራሱ ጠባይ አለው። ረጅም ጥያቄ እየሠራ እያለ ከዋናው ዳታቤዝ የሚመጣ ለውጥ ያንኑ ረድፍ ማጽዳት ከፈለገ ይጋጫሉ። ፖስትግሬስኪውኤል እንደመጣ ከተተወ ለውጡን እስከ 30 ሰከንድ ድረስ አቆይቶ ጥያቄውን ይሰርዘዋል። ተጠቃሚው የሚያየው «ከማገገም ጋር በተፈጠረ ግጭት ተሰርዟል» የሚል ግራ የሚያጋባ መልእክት ነው። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ሪፕሊካው «ይህን ረድፍ እያነበብኩት ነው፣ አታጽዳብኝ» ብሎ ለዋናው እንዲነግር ማድረግ ነው። እንዲህ ከሆነ ግን የሪፖርቱ ሸክም በጓሮ በር ወደ ዋናው ይመለሳል፤ የሞቱ ረድፎች ይከማቻሉ። ሁለተኛው የመታገሻውን ጊዜ ማስረዘም ነው። እኛ ወደ 10 ደቂቃ አስረዘምነው። የሽያጭ ሪፖርት 10 ደቂቃ ቢዘገይ የሚጎዳ ሰው የለም።

የተጠቃሚውንም ስም ቀየርን። ለሜታቤዝ ብቻ የሚሆን፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ የማይችል ተጠቃሚ ፈጠርን። ለብቻው አንድ ስኪማ፣ ማለትም በዳታቤዙ ውስጥ የተለየ ክፍል፣ ከፍተን እዚያ ውስጥ ቪዎች አስቀመጥን። ቪው ማለት የተዘጋጀ ጥያቄ ነው፤ ለተመልካቹ እንደ ሠንጠረዥ ይታያል። ያ ተጠቃሚ ከቪዎቹ ውጭ ሌላ ሠንጠረዥ አያይም። የአንድ ጥያቄ ርዝመትም በ60 ሰከንድ ተገደበ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ቪውም ሆነ ተጠቃሚ የሚፈጠረው በዋናው ዳታቤዝ ላይ ነው። እኔ ሪፕሊካው ላይ ለመፍጠር ሞክሬ ለንባብ ብቻ መሆኑን ነግሮኝ መለሰኝ። ዋናው ላይ ስትፈጥረው እሱ ራሱ ወደ ሪፕሊካው ይወርዳል።

የባለሱቆቹን ስልክ ቁጥር ከቪዎቹ አወጣን። የሽያጭ አዝማሚያ ለማየት የማንም ስልክ አያስፈልግም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ስልክ ቁጥርን እንደ ተራ ነገር ማየት አይቻልም። ዳታቤዙ የት አገር ይቀመጥ የሚለው ለብቻው ከሕግ ባለሙያ ጋር የሚታይ ጉዳይ ነው።

በሩን በተመለከተ አጭር ነው። ዳታቤዙ 5432ን የሚከፍተው ለሜታቤዝ ሰርቨር ብቻ ነው። «ለጊዜው ለሁሉም ክፈተው» የሚለውን አንቀበልም። ሜታቤዝንም ለመላው ዓለም አልከፈትነውም። በፈረንጆቹ ጁላይ 2023 ሜታቤዝ ላይ የተገኘው ክፍተት ምንም ፓስወርድ የሌለው ሰው በሰርቨሩ ላይ ትእዛዝ እንዲያስኬድ የሚያስችል ነበር። የዳታቤዝህን ቁልፍ የያዘ ሰርቨር ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየጊዜው ማደስ የግድ ነው። ሌላው፣ ሜታቤዝ የራሱን ዳሽቦርዶች እንደመጣ የሚያስቀምጠው አንዲት ትንሽ የፋይል ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ለሙከራ እንጂ ለሥራ አትሆንም። ሰርቨሩ ቢጠፋ ዳሽቦርዱም አብሮ ይጠፋል። ከመጀመሪያው ቀን ወደ ፖስትግሬስኪውኤል አዛውሩት።

ሰዓቱ

አሁን ወደዚያ 6 ቁጥር ልመለስ።

አፑ ትእዛዙን የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ብዙዎቻችን የግሪንዊች በምንለው ነው። ለፕሮግራመር ይህ ትክክለኛ ልማድ ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ሰዓት 3 ሰዓት ትቀድማለች። ባለሱቁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያዛል። በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው። በግሪንዊች 6 ሰዓት ነው። ስክሪኑ 6 ይላል። ጋሼ 6 ሲያዩ ደግሞ የሚታያቸው ምሳ ሰዓት ነው። እንዲህ አንዱ ሰዓት ሦስት ስም ያዘ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ደግሞ ከሦስቱ አንድም ሰው የማይኖርበት ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ቁጥሩ ያልተለመደ አለመሆኑ ነው። 17 ቢል ኖሮ ሁሉም ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ይል ነበር። 6 ግን እምነት የሚጣልበት ቁጥር ነው፤ ማንም ሳይጠይቅ አለፈው።

ሜታቤዝ ሪፖርቱ በየትኛው የሰዓት ክልል ይታይ ብሎ የሚጠይቅ ማስተካከያ አለው። አዲስ አበባን መረጥኩ። ምንም አልተለወጠም። ገጹን አደስኩት፣ ሰርቨሩን አስነሣሁት፤ ያው 6። ብዙ ከተመራመርኩ በኋላ ምክንያቱን በአምዱ ዓይነት ላይ አገኘሁት። ፖስትግሬስኪውኤል ሁለት የጊዜ ዓይነት አለው። አንደኛው የሰዓት ክልሉን ያውቃል፣ ሌላኛው አያውቅም። የእኛ አፕ የተጠቀመው የማያውቀውን ነው። አምዱ ውስጥ ያለው ባዶ «6፡00» ነው፤ የየት አገር 6፡00 እንደሆነ የሚናገር ምንም ነገር የለውም። ሜታቤዝ ምን ይለውጥ?

መፍትሔው አንዲት መስመር ነበረች። ቪው ውስጥ «ይህ ጊዜ የግሪንዊች ነው» ብለን ነገርነው። ያኔ ዓይነቱ ተቀየረ፤ የሜታቤዝ ማስተካከያም ሥራውን ጀመረ፤ ምሰሶው ከ6 ወደ 9 ተሻገረ። እዚህ ላይ ማቆም እንችል ነበር። ግን 9ንም ጋሼ ከቀኑ 9 ሰዓት ብለው ነው የሚያነቡት። ስለዚህ ሌላ አምድ ጨመርን። በፈረንጅ ሰዓት ላይ 6 ደምሮ ለ12 ያካፍላል፣ ቀሪውን ይወስዳል፤ ቀሪው ዜሮ ከሆነ 12 ይላል። ፊቱ ላይ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚል ቃል አስቀመጥን። ቃል ደግሞ በፊደል ተራ ይደረደርና «ሌሊት» ከ«ማታ» ይቀድማል፤ ለዚያ የመደርደሪያ ቁጥር ለብቻው ሰጠነው። አሁን ስክሪኑ «ጠዋት 3» ይላል። አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

አይሱዙዎቹም ወደ ጠዋት 4 ሰዓታቸው ተመለሱ።

ይሄኛው ስህተት ቶሎ ታየ፣ ቶሎም ታረመ። ሌላኛው ግን በጸጥታ የሰው ስም ሲያጠፋ ነበር። ወደ ሀዋሳና አዳማ የሚሄዱት መኪኖች የሚጫኑት ሌሊት ነው፤ 7፣ 8 ሰዓት ላይ። ሌሊት 8 ሰዓት በግሪንዊች ሲሆን ገና ያለፈው ቀን ነው፤ የፈረንጆቹ 23 ሰዓት። ማክሰኞ ሌሊት የተጫነው ዕቃ በዳሽቦርዱ ላይ ሰኞ ወጣ ይላል። የመጋዘን ኃላፊው ደግሞ በእጁ የሚጽፈው ትልቅ መዝገብ አለው። መዝገቡ ማክሰኞ ይላል። የሒሳብ ክፍሉ ሁለቱን ሲያስተያይ በየቀኑ ልዩነት ያገኛል። አንድ ቀን ይጎድላል፣ በማግስቱ ይተርፋል። ወር ሲዘጋ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ጭነት ወዳለፈው ወር ይሻገራል፤ ልዩነቱ ይሰፋል።

ሰዎች ማንን እንደሚጠረጥሩ መገመት አያዳግትም። ኮምፒውተር አይሳሳትም ተብሏላ። በዕድሜ የገፉትን፣ በእስክሪብቶ የሚጽፉትን ሰውዬ ጠረጠሩ። አንድ ቀን መዝገባቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ እኔ ያልጫንኩትን አልጽፍም» አሉኝ። «እስቲ ይሄን ማሽንህን ጠይቀው።»

አብረን ተቀመጥን። አንድ ጭነት መረጥን። መዝገባቸው ላይ ቀኑ፣ የታርጋ ቁጥሩ፣ የካርቶኑ ብዛት፣ የሾፌሩ ፊርማ አለ። ዳታቤዙ ላይ ያንኑ ታርጋና ያንኑ ብዛት አገኘን፤ ቀኑ ብቻ አንድ ወደኋላ ነው። ሁለተኛ መረጥን፣ ያው። ሦስተኛ፣ ያው። ሌሊት ከ6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ውስጥ የተጫነው ሁሉ አንድ ቀን ወደኋላ ነበር። ከ9 ሰዓት በኋላ የተጫነው ሁሉ ትክክል ነበር። የሰውየው መዝገብ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ይህን በጽሑፍ አድርጌ ለሒሳብ ክፍሉና ለጋሼ ሰጠሁ። በቃል መናገር በቂ ሆኖ አልታየኝም።

ወሩ

የሰዓቱ ነገር ሲስተካከል የሒሳብ ኃላፊው ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። «ኦክቶበር የሚለው ስንተኛ ወር ነው? እኔ ጥቅምትን ነው የምፈልገው።»

እውነቱን ነው። 2017ን ብንወስድ ኦክቶበር የሚለው ምሰሶ የመስከረምን 10 ቀንና የጥቅምትን 21 ቀን የያዘ ነው። ሴፕቴምበር ይብሳል፤ የነሐሴን መጨረሻ፣ ጳጉሜን በሙሉና የመስከረምን 20 ቀን ይቀላቅላል። የእንቁጣጣሽ ገበያ፣ ከበዓሉ በፊት ያለው ግርግርና ከበዓሉ በኋላ ያለው ጸጥታ በአንድ ምሰሶ ይዋጣሉ። የሠራተኛው ደመወዝ፣ የሱቆቹ ዱቤ፣ የግብር ማስታወቂያው ሁሉ በእኛ ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሜታቤዝም ሆነ ፓወር ቢአይ ይህን አያውቁም።

ሥራውን በየሪፖርቱ ከመደጋገም ይልቅ አንድ የቀን መቁጠሪያ ሠንጠረዥ ሠራን። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ። የፈረንጁ ቀን፣ የእኛ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ የወሩ ስም፣ የበጀት ዓመቱ፣ በዓል መሆን አለመሆኑ። ከመስከረም 1 ቀን 2010 እስከ ጳጉሜ 2030 መጨረሻ ድረስ 7,670 ረድፍ ሆነ። ለዳታቤዝ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ስሌቱም ከባድ አይደለም። ፖስትግሬስኪውኤል ማንኛውንም ቀን ወደ ጁሊያን የቀን ቁጥር፣ ማለትም ከጥንት ጀምሮ ቀናትን በተከታታይ ወደሚቆጥር ቁጥር፣ ይቀይራል። ከዚያ 1723856 ትቀንሳለህ፣ ቀሪውን ለ1461 ታካፍላለህ፤ 1461 የአራት ዓመት ቀናት ናቸው። ከዚያ ዓመቱ፣ ወሩና ቀኑ በተራ ይወጣሉ።

የሚፈተነው በዘመን መለወጫ ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነው። 11 ካለ ስሌቱ ተሳስቷል፤ የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ነበረችና። መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ነው። ሁለቱም ከወጡ መተማመን ይቻላል።

ሠንጠረዡን አገናኝተን የወሩን ሪፖርት ስናወጣ ደግሞ ጳጉሜ ጋሼን አስደነገጠቻቸው። ከነሐሴ ቀጥሎ ምሰሶው ገደል እንደገባ ወረደ። አምስት ቀን ከሠላሳ ቀን ጎን ሲቆም እንዲህ ነው። በቀን ስናካፍለው ግን ጳጉሜ ከዓመቱ ሁሉ የደመቀችው ሆና ተገኘች፤ ለበዓል የሚሸመተው ያኔ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት አደረግነው። ለሒሳብ ክፍሉ ጳጉሜ ከነሐሴ ጋር ትደመራለች። ለሽያጭ ክፍሉ ለብቻዋ ትቆማለች፤ ግን በቀን አማካይ። ከዚያ ወዲህ መጋዘኑ ለጳጉሜ የሚዘጋጀው ቀደም ብሎ ነው።

ስሙ

ስለ ስም ብዙ ማለት ይቻላል፤ ባጭሩ ልናገር። ሽያጭ በከተማ ስናወጣ ሀዋሳ፣ ሐዋሳና አዋሳ ሦስት ከተማ ሆነው ወጡ። አዳማና ናዝሬት ሁለት ናቸው። ቢሾፍቱና ደብረ ዘይትም እንዲሁ። ፀሐይ የሚል የሱቅ ስም በአራት ዓይነት ተጽፎ አገኘነው። ኃይለማርያም የሚለውን አንዱ በሙሉ ይጽፈዋል፣ ሌላው ኃ/ማርያም ይለዋል። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለዳታቤዙ ግን ሀ እና ሐ ከሀ እና ለ ያልተናነሰ የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

ሁለት ነገር አደረግን። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ ፈንክሽን ጻፍን፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነዘራቸው። አሮጌና አዲስ ስም ላላቸው ከተሞች ደግሞ የሚያጣምር ትንሽ ሠንጠረዥ አዘጋጀን። ለአዋሳ ፈንክሽኑ አይበቃም፤ ሠንጠረዡ ነው የሚፈታው። ሁለቱም የሚሠሩት ቪው ውስጥ ለማነጻጸር ብቻ ነው። ሰውየው ያስመዘገበው ስም እንዳለ ይቀመጣል፤ ደረሰኝ ላይም የሚወጣው እሱ ነው። በትግርኛ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ የተለያየ ድምፅ አላቸው። የሰውን ስም ለሪፖርት ብሎ ማበላሸት ተገቢ አይደለም።

አሁን

ዛሬ ስብሰባ ላይ አንድ ቁጥር ነው የሚቀርበው። ክርክሩ አልቀረም፤ አሁን ግን የሚከራከሩት ስለ ሽያጩ ነው። ያላለቀ ሥራም አለን። ማታ በስልክ የሚመጡ ትእዛዞች አሁንም ጠዋት ነው የሚመዘገቡት፤ ጠዋት 3 ሰዓት ያለው ምሰሶ የተወሰነው ክፍል በእውነት የማታ ነው። ይህን ቪው አያስተካክለውም። አፑ ላይ «መቼ ታዘዘ» የሚል አንድ ጥያቄ መጨመር ያስፈልጋል፤ እሱን እየሠራን ነው።

የመጋዘን ኃላፊው መዝገባቸውን አልተዉም። እኔም እንዲተዉት አልጠየቅኳቸውም። ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን መጋዘኑ በር አጠገብ ያለው ስክሪን ፊት ይቆማሉ፣ የሌሊቱን ጭነት በጣታቸው እየተከተሉ ከገጻቸው ጋር ያስተያያሉ። ሲገጥም በመዝገቡ ጠርዝ ላይ ትንሽ ምልክት ያደርጋሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጭነት አልገጠመም ብለው ደወሉልኝ። ስናየው ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ነክቶት ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ነበር።